በአባት ስም አጠገብ ያለች ነጥብ

በመዝገብ ክፍሉ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን። የሆሳዕናው ክሊኒካችን ኃላፊ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው ነበር። እኔ ከእሳቸው በስተግራ፣ መዝገቦቹ ከተደረደሩበት ቁም ሣጥን ፊት ቆሜ ነበር። ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከዶዮገና የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ቀጭኑ የእጮኛው አጎት፣ ወፍራሙ የአጎትየው ጎረቤት ናቸው። እጮኛው ራሱ፣ ወጣት መምህር፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል። በመስኮቱ በኩል ከሺንሺቾ የመጡ አንዲት እናት ቆመዋል፤ ቁጭ ይበሉ ቢባሉ «እንዲህ ይሻለኛል» ብለው እንቢ አሉ። ልጅቷ ከእሳቸው ጎን ግድግዳውን ተጠግታ ነበረች። የእያንዳንዱን ሰው መቆሚያ ዛሬም የማስታውሰው፣ ዐይኔን የት ላሳርፍ እያልኩ ስፈልግ ስለነበር ነው።

ልጅቷ የመጣችው የአባቷን ስም ፍለጋ ነው። የተወለደችው በእኛ ክሊኒክ ነው። እናቷ በሦስተኛው ቀን ሞተችባት፤ እኚህ የሺንሺቾ እናት፣ የወንጌላዊ ሚስት ናቸው፣ ወስደው አሳደጓት። በወንጌላዊው ስም ተጠርታ ተማረች። አሁን መምህሩ ሊያገባት ጠይቋል። ሽማግሌዎቹ ግን የአሳዳጊዋ ጎሳ የእሷ ጎሳ እንዳልሆነ ያውቃሉ። በአገራችን ከአንድ ጎሳ የተወለዱ አይጋቡም፤ የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚመርቅ ሽማግሌ አይገኝም። እናም አንድ ሰው «የተወለደችበት ክሊኒክ መዝገብ ይኖረዋል» ብሎ መከራቸው።

ማመልከቻውን የጻፈችው ራሷ ነበረች፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ የጃንሆይ ምስል ያለበት ቴምብር ተለጥፎበት። የአባቷ ስም ከመዝገብ ተገልጾ እንዲሰጣት በትሕትና ትጠይቃለች። ኃላፊው በኅዳጉ ላይ «ተፈልጎ ይሰጣት» ብለው መሩልኝ። መፈለግ አላስፈለገኝም። የትኛው መዝገብ፣ የትኛው ገጽ እንደሆነ ሳልከፍተው አውቃለሁ።

እናቷ የመጣች ቀን ሥራ ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው የተቀጠርኩት፤ ቀሪውን ትምህርት በኋላ በማታ ጨረስኩ። የገበያ ቀን ነበር። አንድ ጠና ያሉ የዶዮገና ሰው ወደ ሆሳዕና ሲመጡ፣ ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኙ። ከበቅሏቸው ላይ ሁለት ከረጢት ገብስ አውርደው እዚያው ጣሉና እሷን ጭነው አመጧት። ስማቸውን ጠይቄ «ያመጣት ሰው» በሚለው ዐምድ ጻፍኩ።

«ዘመድዎ ናት?» አልኳቸው።

«ኧረ የማን እንደሆነች አላውቅም። በሉ እናንተ ድረሱላት፤ እኔ ተመልሼ ገብሴን ልይ» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ መዝገቤን ይዤ ወደ አልጋዋ ሄድኩ። የምትናገረው ሀዲይኛ ነበር፤ የእኔም የቤት ቋንቋ እሱ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። ስሟን ነገረችኝ። የልጅቷን አባት ስም ስጠይቃት ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለምን እንዳዞረች አውቃለሁ። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ የባሏንም በሰው ፊት መጥራት ታፍራለች። የገዛ እናቴ ገብስን በስሙ ጠርታ አታውቅም ነበር፤ የአባቴ አባት ስም በዚያው ድምፅ ስለሚጀምር ሌላ ቃል አበጅታለት ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ አጠገቧ ያለ ሰው ይጠራላታል። አጠገቧ ግን ማንም የለም።

«የሚጠራልሽ ሰው የለም?» አልኳት።

«እዚህ ማን አለኝ? እሱ ወደ ሸንኮራ እርሻው ለሥራ ወርዷል። ለሚቀጥለው ገበያ ይመጣል፤ ያኔ ራሱ ይንገርሽ።» ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ «የራሴን አባት ስም ልንገርሽ?» አለች።

ነገረችኝ። ለእናት አባት ዐምድ አልነበረም። አልጻፍኩትም። ዛሬ አላስታውሰውም።

የዚያን ጊዜው ኃላፊ ባዶ ዐምድ አይወዱም። ባዶውን በቀይ ቀለም ከበው ይመልሱና በሰው ፊት «ይህ ምንድን ነው? ማረፊያ ቦታ ነው?» ይሉ ነበር። ከሳምንት በፊት እኔንም እንዲሁ ብለውኛል። የወሩ ሪፖርት ደግሞ በዚያው ቀን መሄድ ነበረበት። በእርሳስ መጻፍ ክልክል ነው። እኔም «ያመጣት ሰው» በሚለው ያለውን የባለበቅሎውን ስም በ«አባት» ዐምድ ደገምኩት። አንድ ሳምንት ነው፤ ባሏ ሲመጣ አርመዋለሁ ብዬ። እንዳልረሳው ከስሙ አጠገብ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አደረግሁ።

ሴትየዋ ትኩሳት ያዛትና ሞተች። ባሏ በሚቀጥለው ገበያ አልመጣም። የሚያዋልዱት ነርስ፣ ሴትየዋን መንገደኛ እንዳመጣት ያውቁ ነበርና መዝገብ ሳያዩ ሕፃኗን ለወንጌላዊው ሚስት ሰጡ። ባለበቅሎውም አንድ ቀን ጎራ ብለው ጠይቀዋል፤ መሞቷን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ስማቸውን የት እንደጻፍኩት አልነገርኳቸውም። ነርሷ ከጊዜ በኋላ ተዛወሩ። ሁለት ገበያ በሩን ስመለከት ከረምኩ። በሦስተኛው መመልከት ተውኩ።

አሁን ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ግድግዳውን ተጠግታ ቆማለች።

«ያንብቡልን እንጂ፣ ወይዘሪት» አሉ ኃላፊው።

አነበብኩ። የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ ያመጣት ሰው።

ቀጭኑ ሽማግሌ «እስቲ ይደገም» አሉ። ደገምኩት። ሁለቱ ተያዩ።

«የኛው ናቸው» አሉ ቀጭኑ በቀስታ። «ባለበቅሎው። አምና ካቻምና የቀበርናቸው። የኛው ጎሳ ሰው።»

የሺንሺቾዋ እናት ከመስኮቱ ፈቀቅ አሉ። «ጌታዬ፣ ነርሷ እኮ መንገደኛ ነው ያመጣት ብለውኝ ነበር። አባቷ አይታወቅም ብለው ነው የሰጡኝ። እኔም ይመጣና ይወስድብኛል ብዬ ፈርቼ ሁለተኛ አልጠየቅሁም።»

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። ልናገር የምችልባት ጊዜ ያቺ ነበረች፤ አጭርም አልነበረችም። ኃላፊው ቀደሙኝ።

«እናቴ፣ ሰው ይረሳል፤ የሰማውንም ያቀላቅላል። ይህ መዝገብ ነው። ወይዘሪት በእጃቸው የጻፉት ነው። አይደለም እንዴ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። ይህ እውነት ነበር። ሁለት ወንድሞቼ በእኔ ደመወዝ ይማሩ ነበር፤ መዝገብ ያበላሸ ጸሐፊ ምን እንደሚደረግም አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው።

ወፍራሙ ሽማግሌ ሳቅ አሉ። «መንገደኛ ነኝ ማለት ለወንድ ምን ይከብደዋል? ሚስት ቤት ተቀምጣ ምን ይበሉ ኖሯል?»

«ተው እንጂ፣ ሙት ነው» አሉ ቀጭኑ።

ልጅቷ ማንም ሳይጠራት ወደ ጠረጴዛው መጣች። «ልየው?» አለች። መዝገቡን አዞርኩላት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበች፤ የአባት ስም ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እህቴ፣ ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«የእርሳስ ጭረት ናት» አልኩ። «ምንም አይደለችም።»

«እናቴን አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ።»

«በምን ቋንቋ ነበር የምታወራው?»

«በሀዲይኛ።»

«እኔ አልችለውም» አለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ ያገኘችው እውነት የእናቷ ስምና ቋንቋ ብቻ ነው።

ወፍራሙ ሽማግሌ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንግዲህ ምን ይደረግ! ሙሽራ ልንወስድለት መጥተን እህት ይዘንለት ልንገባ ነው። ድንኳን ጣዮቹን ምን እንበላቸው?» የሳቀላቸው የለም። ቀጭኑ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉላት። «ልጃችን ነሽ። የማን ናት ሲሉሽ ኖረዋል፤ ከእንግዲህ የኛ ናት በያቸው። ነዪ፣ የኔ ልጅ።» ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ቀና ስትል ወደ በሩ ተመለከተች። መምህሩ ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

ግልባጩን ጻፍኩ፤ ኃላፊው ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ እተኛ ነበር። ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ግን ያ መዝገብ ከሌሎቹ ወጣ ያለ ይመስለኛል፤ ወደ ውስጥ እገፋዋለሁ። መምህሩ በዓመቱ ከአንጋጫ አገር አንዲት ልጅ እንዳገባ ሰማሁ። ወንድሞቼም ሥራ ያዙ። ያኔ የምደብቅበት ምክንያት ስላጣሁ፣ ለኃላፊው የማረሚያ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ በሁለት አንቀጽ፣ ማን እንደተሳሳተና እንዴት እንደሆነ፣ ፊርማዬንም አኖርኩበት። ከመስጠቴ በፊት ግን ለልጅቷ ራሴ ልንገራት ብዬ ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ በጭነት መኪና ወደ ዶዮገና ሄድኩ። የባለበቅሎው ሚስት ዘንድ እንደምትኖር ሰዎች ነግረውኛል።

ቤቱ በእንሰት የተከበበ ነው። ልጅቷ ገበያ ሄዳ ስለነበር የተቀበሉኝ ባልቴቷ ናቸው። ጸሐፊዋ መሆኔን ስነግራቸው እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ ቆጮና ጎመን አቀረቡልኝ።

«ሴት ልጅ አልነበረኝም» አሉ። «ወንዶቹ አገር ጥለው ሄደዋል። እሷ አሁን እማ ትለኛለች። በየእሑዱ መቃብሩ ላይ ያለውን ሣር ታጭዳለች። አባቴ ትለዋለች።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አንቺ ያን ቀን አይተሽዋል። ሲያመጣት ምን ይመስል ነበር? ተጨንቆ ነበር?»

«ተጨንቀው ነበር» አልኩ። «ገብሴን ልይ ብለው ቶሎ ሄዱ።»

ባልቴቷ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ተቋረጠ። «ገብሱንማ መች አገኘው! ባዶ እጁን ገባ። ምን አደረግከው ብዬ ስጠይቀው፣ ምጥ የያዛት ሴት መንገድ ላይ አግኝቼ አለኝ። የማን ሚስት ናት? አላውቃትም አለኝ። እኔም አመንኩት። ለጎረቤት ሁሉ ስናገር ኖርኩ፣ ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ነው እያልኩ። እስኪሞት አመንኩት።» በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። «አልቆጣሁም። በቁሙ ቢነግረኝ ኖሮ ግን ልጅቷን ራሴ ባመጣኋት። ያን ያህል ክፉ መስዬ ታየሁት?»

መልስ የሚጠብቁ ይመስል ዐይን ዐይኔን አዩኝ። እጄ ቦርሳዬ ላይ ነበር።

ልጅቷ ገባች። ቅርጫቷን አውርዳ ሳመችኝ። ከስታለች፤ ነጠላዋ ንጹሕ ነው። ወዲያው ወደ ጓዳ ገብታ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ግልባጩን አወጣችና አሳየችኝ፤ ማኅተሙ አልደበዘዘም። «የትምህርት ቤት ወረቀቴንም በዚህ አሳረምኩት፣ እህቴ። አሁን በአባቴ ስም ነኝ።» ባልቴቷ «እሰይ» አሉና የቅርጫቱን ክዳን አነሡ። «ጎመኑ ይኸው ነው? ምነው እንዲህ ጠወለገ? አይ ልጄ፣ እያሳቁ ሸጡልሽ!»

«እማ ደግሞ! አንቺ ሂጂና ግዢ» አለች ልጅቷ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ባልቴቷ እደሪ አሉኝ። መኪናው ይሄድብኛል አልኩ። ልጅቷ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። ቦርሳዬን ልትይዝልኝ እጇን ዘረጋች፤ አይከብደኝም አልኳት። ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩትና ወደ መኪናው መንገድ ወረድኩ።