የጨለማው ሳህን

ተናኘ ከነፋስ ስልክ በአውቶቡስ እየተመላለሰች አንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት በቴክኒሺያንነት ሠርታለች። በ1988 ዓ.ም. ዶክተር ኢያቄም ትምህርቱን ጨርሶ ከውጭ ሲመለስ በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ ብልቃጥ ይዞ መጣ። ውስጡ ያለው ቀለም ጠባዩ ለየት ያለ ነው። ሕያው ሴል ውስጥ ይገባል፤ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት አጠገቡ ያገኘው ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ይቀራል። መብራት ያልነካው ታጥቦ ይወጣል። የተጣበቀው በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ያበራል።

ለሙከራው ሴል የሚያርፍበት ሁለት ሳህን ያስፈልጋል፤ አንዱ መብራት የሚበራበት፣ ሌላው ጨለማ ውስጥ የሚቆይና ማብራት የሌለበት። ቀለሙ ሁለቱም ላይ ይጨመራል። ሴሎቹን የሚያወጡት ከራሱ ከዶክተሩ ደም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ክንዱን ይዘረጋል፣ ተናኘ ትቀዳለች።

ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱም ሳህኖች እያበሩ አስቸገሩ። አንድ ሐሙስ ግን የጨለማው ሳህን ድርግም ብሎ ታየ።

"እትዬ ተናኘ፣ ተሳካልን!" አለና ዶክተሩ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ሊነግር ሮጠ።

እሷ ዕቃ ልታጥብ ስትነሳ ቀለሙ በሚቀመጥበት በረዶ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቱቦ አየች። ለጨለማው ሳህን ያዘጋጀችው ቀለም ነበር። አልጨመረችውም፤ ሙሉው እንዳለ አለ።

እራት ላይ ለባሏ ለመኩሪያ ነገረችው።

"ያየ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን አስጨነቀሽ?"

"ደሙን እኮ ነው የሚሰጠኝ" አለች።

በማግስቱ ቱቦዋን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር። የጨመርኩ መስሎኝ ነበር።"

ቱቦዋን አገላብጦ አየ። "ለኃላፊው እኮ ነግሬያለሁ" አለና ወጣ። ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገራትም። ምነው ባልተናገርኩ ያሰኛት ቀንም ነበር።

በሁለተኛው ሰኞ ግን መጥቶ እጅጌውን ሰበሰበ።

"እጥበቱን ብናበዛውስ?" አለችው መርፌውን እያዘጋጀች። "ትርፉ ቀለም በሦስት እጥበት የሚወጣ አይመስለኝም።"

ስምንት ጊዜ አጠበች፤ በየመሃሉም ሴሎቹን እያሳረፈች። በሦስተኛው ወር የጨለማው ሳህን ቀለም ተጨምሮበትም አላበራ አለ። መብራት ያገኘው በስሱ በራ፤ የሚያስጨበጭብ አልነበረም። ዶክተሩ ደጋግሞ ካየ በኋላ ወንበሩን ለቀቀላት። "እስቲ እርስዎም ይዩት።"

ተናኘ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

"ዶክተር" አለች ቀና ሳትል፣ "አንዷ ሴል በሕይወቷ እየሄደች ነው።"