ያልበረረው ጣሪያ

ኤድመርን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ለምን እደብቃለሁ?

ከማኒላ ተመልሶ የአባቱን ቤት የእንግዳ ማረፊያ ሲያደርገው፣ መጀመሪያ ያስነቀለው የጣሪያ ገመድ የሚታሰርባቸውን ድንጋዮች ነው። አያቱ ወገባቸው እስኪቆረጥ ቆፍረው የቀበሯቸውን። እንግዶችን ያደናቅፋሉ አለ። ቀጥሎ የሳር ክዳኑን አንስቶ ቀይ ቆርቆሮ መታበት። እኛ ባታን ደሴት ላይ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ጣሪያውን በገመድ ጠፍሮ ከግቢው ድንጋይ ጋር ያስራል። ያላሰረ ሰው ጣሪያ ጎረቤት ላይ ነው የሚወድቀው።

የኤድመር ጎረቤት ደግሞ ካሚናን ስኮላስቲካ ናቸው። ካሚናን አክስት ማለት ነው፤ እሳቸው የሰፈሩ ሁሉ አክስት ናቸው። ባላቸው ሊቤራቶ ከአልጋ አይነሱም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ወዴት ይሸሻሉ?

ራዲዮው ስለ ነፋሱ ሲናገር ካሚናን ሄደው ለመኑት። አብሬያቸው ነበርኩ።

«ልጄ፣ ጣሪያህን እሰር።»

«ካሚናን፣ በብሎን የተመታ ነው እኮ። እርስዎ ደግሞ ገመድ ካላዩ አይተኙም» ብሎ ሳቀባቸው።

ከዚያ እንግዶቹን ጭኖ ወደ ከተማ ሆቴል ነጎደ። ብሎኑን ካመነ ምን አስሮጠው?

ካሚናን የወጥ ቤታቸው ጣሪያ የታሰረበትን ገመድ ፈትተው አመጡ። በኤድመር ጣሪያ ላይ ወርውረን፣ ጫፉን በአጥሩ አሳልፈን ከራሳቸው ግቢ ድንጋዮች ጋር አሰርነው።

«ወጥ ቤትዎስ?» አልኳቸው።

«እሱን መልሼ እሠራዋለሁ። ሊቤራቶን ከየት አመጣለሁ?»

ነፋሱ ሲገርፈን አድሮ ሲነጋ ወጥ ቤታቸው የለም፤ ድስቱ እንኳ አልተረፈም። ከኤድመር ብሎኖች ግማሾቹ ተነቃቅለዋል። ቆርቆሮውን ይዞት ያደረው ገመዱ ነው። ሊቤራቶ አልጋቸው ላይ ሆነው ቁርስ ይጠይቃሉ።

ኤድመር መጣ። ምን ያለ ይመስላችኋል?

«ይሄ ገመድ ቀለሜን ልጦታል። ማን ፈቀደላችሁ?»

አፌን ስከፍት ካሚናን በዓይናቸው ገሰጹኝና ገመዱን መፍታት ጀመሩ።

«ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው መልስ፣ ልጄ» አሉት። «ጣሪያህ ቢበር የሚያርፈው ባሌ ላይ ነበር።»

«አልበረረም እኮ፣ ካሚናን» አለ ፈገግ ብሎ።

ካሚናን እጃቸው ላይ ያለውን ገመድ አዩት። ከዚያ ዓይኑ እያየ መልሰው ቋጠሩት። እኔም ሌላውን ጫፍ ይዤ አጠበቅኩት።