አርባ ገበሬ የገዛው ናፍጣ

የያዙን ከገዳሪፍ ስድስት በርሜል ናፍጣ በጭነት መኪና ጭነን ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ። ሦስት ነበርን፤ ሾፌሩ፣ አበልጄና እኔ። ኬላው ላይ የነበረው ወታደር በርሜሎቹን በጠመንጃው አፈሙዝ አንድ በአንድ መታ መታ አደረጋቸው። ሁሉም ሙሉ መሆናቸውን ከድምፃቸው ሲያውቅ ፊቱ ተለወጠ። ሾፌሩ ሱዳናዊ ስለነበር ወረቀቱን አይተው አሰናበቱት። እኛን ውረዱ አሉን።

የሱዳኑ ጦርነት ከተጀመረ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነበር። በዚያ ወራት ናፍጣ የያዘ ሰው ሁሉ ለታጣቂ የሚያቀብል ይመስላቸዋል። አንድ ጀሪካን ብንይዝ ማንም ዞር ብሎ አያየንም ነበር። ስድስት በርሜል ግን፣ ያውም በሁለት ሐበሻ እጅ፣ ሌላ ነገር ነው።

ያስገቡን ቤት ድሮ የሰሊጥ መጋዘን የነበረ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። ከግድግዳው አናት ላይ ሦስት ብሎኬት ወልቆ ብርሃን በዚያ ይገባል። ሽታውን ገና በሩ ሲከፈት አወቅኩት፤ የሰሊጥ አቧራና ለነቀዝ የሚረጭ መድኃኒት። ሰባት ዓመት እንዲህ ያለ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አበልጄ አፍንጫውን በነጠላው ሸፈነ። እኔ ወደ ሥራ የገባሁ መሰለኝ።

ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከኸሽም ኤል ቂርባ የመጡ ሱዳናዊ ሽማግሌ። ልጃቸው ጠፍቶ በልጃቸው ፈንታ የተያዙ ናቸው። ዘበኞቹ ሳይቀሩ "ዓሚ"፣ አጎቴ፣ ይሏቸዋል። ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን።

አበልጄ ያልኩት ጎረቤቴ ነው። የትልቋን ልጄን ክርስትና ያነሣ እሱ ስለሆነ በስም አንጠራራም፤ "አበልጄ" ነው የምንባባለው። ከመተማ በኩል ለአረም ሥራ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ እዚያው የስደተኞች ሰፈራ ጣቢያ ነው የተወለድኩት፤ ወላጆቼ በድርቁ ዘመን የገቡ ናቸው። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰፈሩ ቀዳሚ እኔ ነበርኩ፣ እንግዳው እሱ። ሰው ግን እኔን ሰላም ብሎ ያልፋል፤ እሱ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ሐሳቡ የኔ ነበር። በአንድ የሰሊጥ ነጋዴ መጋዘን በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ነገር ነው። ነጋዴው ጆንያውንም፣ ዘሩንም፣ የአረም መድኃኒቱንም ገበሬ በማይፈልግበት በበጋ በጭነት መኪና እያስገባ ይከምረዋል። ዝናቡ ሲጥል ገበሬው ለየብቻው ይመጣል፤ ቸኩሎ፣ ጭቃ በጫማው ይዞ። ነጋዴው የጠራውን ከፍሎ ይሄዳል። ለብቻው የመጣ ቆሞ ይለምናል፤ አርባ ሆኖ ቢመጣ ወንበር ይቀርብለት ነበር። ይህን ጆንያ ከትከሻዬ እያወረድኩ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለአበልጄ ነው፤ ጎን ለጎን ሆነን ሰሊጥ ስናርም። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ ተናገረው። እኔ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። እሱ ሲናገር አሮጊቶቹ እንኳ ወሬያቸውን ትተው ይሰሙታል። "ከአበልጄ ጋር ስናወራ የመጣ ነገር ነው" ማለቱን አልክድም፤ ብሏል። ያን ቃል ግን ከኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም። አርባ ገበሬ ያለበት የጋራ መግዣ ማኅበር ሲቋቋም እሱን ሊቀመንበር፣ እኔን ንብረት ጠባቂ አደረጉን።

በመጀመሪያው ዓመት ጆንያና ዘር በጋራ ገዛን። በሁለተኛው ዓመት የአረም መድኃኒቱን ጨመርን፤ ትራክተርም አንድ ላይ ሆነን ተከራየን። የሁሉም ሰው ወጪ ቀለለ። አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ እያቀረበች "ያ ሰው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?" አለችኝ። ሐሳቡ የኔ ነው ብላት የምትመልስልኝን አውቀዋለሁ። "ታዲያ ለምን አልተናገርክም?" ነው የምትለኝ።

በሦስተኛው ዓመት ናፍጣ በጋራ እንግዛ ተባለ። እንግዲህ እሱን ስናመጣ ነው የተያዝነው።

በመጋዘኑ በሁለተኛው ቀን ምሳ መጣ። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ጠራ፤ የጠራው የአበልጄን ስም ብቻ ነው። አበልጄ ሰሃኑን ተቀብሎ መሐል አስቀመጠና ክዳኑን አነሣ።

"ብሉ" አለን፤ ለኔም ለሽማግሌውም።

አንድ ጊዜ እንደጎረስኩ እጄ ቆመ። ወጡ የደረቀ ባሚያ ነው፤ የባለቤቴ እጅ ነው። በርበሬ ታበዛለች፤ ነጭ ሽንኩርቱን ሳትወቅጠው እንዲሁ ትከትፈዋለች። አሥራ አራት ዓመት የበላሁት ወጥ በሌላ ሰው ስም ተጠርቶ ገባ።

"ምነው አበልጄ፣ አትበላም?"

"ጠግቤያለሁ።"

"ከትናንት ጀምሮ ምን በልተህ ነው የጠገብከው?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቆይቶ ድርሻዬን በክዳኑ ላይ ለየና አጠገቤ አስቀመጠልኝ። ይህም አናደደኝ።

በኋላ እንደሰማሁት፣ በሩ ላይ ስንቅ የሚፈቅዱት በአንድ ሰው ስም ብቻ ኖሯል። ሴቶቹ ተነጋግረው በሊቀመንበሩ ስም አስመዘገቡ፤ በየተራ እያበሰሉ ለሁለታችንም ይልኩልን ነበር። እንደ ጆንያውና እንደ ዘሩ ይህንንም በጋራ አደረጉት። ያን ቀን ይህን አላወቅኩም። ባውቀውም ልቤን የሚያሳርፈው አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ አበልጄን ለምርመራ ወሰዱት። ሽማግሌው ሰሃኑን በእጃቸው እየጠረጉ አዩኝ።

"ወንድምህ ነው?"

"ጎረቤቴ ነው። ልጄን ክርስትና አንሥቶልኛል።"

"እኔ ቤቴ ሁለት ሚስት አለኝ" አሉ። "ትልቋ ትንሿን የምታይበትን ዓይን አውቀዋለሁ። አንተ ይህን ሰው እንደ ጣውንት ነው የምታየው።"

ይህን ብለው ክንዳቸውን ተንተርሰው ጋደም አሉ። ስለ አበልጄ ያለኝን ነገር ሰው ፊቴ ላይ ሲያነብብኝ ያ የመጀመሪያው ነው። የሚታይ አይመስለኝም ነበር።

አበልጄ ሲመለስ አንድ እግሩን ይጎትታል። የዚያኛውን እግር ጫማ በእጁ ይዞታል። ምን አደረጉህ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም። ተጠግቶኝ ተቀመጠና በቀስታ ተናገረ።

"ነገሩን ጨርሼዋለሁ። ሐሳቡ የኔ ነው፣ ሰውን የሰበሰብኩም እኔ ነኝ ብያለሁ። ነገ ሲጠሩህ ጫኝና አውራጅ ነኝ በል። ይለቁሃል።"

"ጫኝና አውራጅ?"

"ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንውጣ። ያንተ ልጆች ገና አልደረሱም።"

ደግ ነገር ነው የተናገረው። አሁን ብቻ አይደለም፤ ያኔም አውቄዋለሁ። ልቤ የያዘው ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው። ሐሳቡ የኔ። ሹመቱን ወሰደ፣ ምስጋናውን ወሰደ፣ አሁን እስሩንም ሊወስድብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው በእስር ይቀናል ብላችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። እኔ ቀንቻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት መኮንን ነበር፤ ሁሉም "ጀናቡ"፣ ጌታዬ እንደማለት፣ ይሉታል። ከፊቱ የሻይ ብርጭቆና ወረቀት አለ። ቁጭ በል አለኝ።

"ጫኝ ነህ አሉኝ።"

"አይደለሁም።"

"ምንድን ነህ?"

"ገበሬ ነኝ።"

"አባቴም ገበሬ ነበር" አለ። "እዚሁ አገር ነው ያደግኩት። ገበሬ አንድ አንድ ጀሪካን ለየራሱ ሲገዛ ነው የማውቀው። አርባ ሰው በአንድ ስም ናፍጣ ሲገዛ አይቼ አላውቅም። ይህን ማን አስተማራችሁ?"

"ማንም አላስተማረንም። ያሰብኩት እኔ ነኝ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ጓደኛህ ትናንት እኔ ነኝ ብሎኛል።"

"ሐሳቡ የኔ ነው፣ ጀናቡ።"

"እስቲ ንገረኝ" አለ።

ነገርኩት። የሚሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ይሁን ወይም በዓረብኛ ስለተናገርኩ፣ አላውቅም፤ ምላሴ አልተሳሰረም። በበጋ ስለሚከመረው ጆንያ ነገርኩት። ገበሬው ተበታትኖ ሲመጣና አንድ ሆኖ ሲመጣ ነጋዴው እንዴት እንደሚለወጥ ነገርኩት። አንድ ትራክተር የአርባ ሰው ማሳ በተከታታይ ሲያርስ ለምን እንደሚረክስ፣ ናፍጣውን ደግሞ እኛው ካቀረብን ኪራዩ ምን ያህል እንደሚቀንስ አስረዳሁት። እሱ ይጽፋል። እጁን አየው ነበር። ያን ሐሳብ ሰው ከአፌ ተቀብሎ ሲጽፈው የመጀመሪያው ነው። መናገሩ ያሳፍረኛል እንጂ፣ ደስ አለኝ። ለጥቂት ደቂቃ የት እንዳለሁ ረሳሁት።

ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ።

"እንግዲያ ያኛው ዋሽቶኛል። የሰውን ነገር የኔ ነው የሚል ሰው ሌላም የሚደብቀው አይጠፋም። አንተ ሐሳቡን አመጣህ፤ እሱ ለሌላ ጉዳይ አዋለው። እንዲህ ከሆነ ንገረኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።"

መንገዱ ተከፍቶልኛል። መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። እኔ እንጃ ማለት ይበቃል፤ ትከሻዬን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ሦስት ዓመት በልቤ ሌባ ስለው የኖርኩትን ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ በአፌ ሌባ ብለው ያልቅ ነበር። ባሚያው ትዝ አለኝ። የሚጎትተው እግሩም ትዝ አለኝ። የትኛው እንዳሸነፈ ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም።

"አልዋሸም" አልኩ። "ሊቀመንበራችን ነው። መርጠነዋል። በሁላችን ስም መናገር ሥራው ነው። ናፍጣው የትራክተር ነው፤ እሱም እኔም ለሌላ ነገር አላሰብነውም።"

ሊቀመንበራችን የሚለው ቃል እስከዚያ ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሰው ሳወራ "ሰውዬው" ነበር የምለው። ሲወጣ ከበደኝ፤ ሐሳቡ የኔ ነው ካልኩት ይልቅ ይኼኛው ከበደኝ።

መኮንኑ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። ፈረምኩ።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን አበልጄን ዕቃህን ያዝ አሉት። የተሳሳቱ መስሎት መጀመሪያ ወደኔ አየ። ከዚያ ገባው።

"ምን አልካቸው?"

"እውነቱን።"

ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዤ አቆምኩት። ያን ስሞሽ ለመቀበል የሚያበቃ ነገር እንዳልሠራሁ አውቃለሁ።

"አረሙ ሳይቀድማችሁ ትራክተሩን አስገቡ" አልኩት።

እኔ አራት ወር ቆየሁ። ናፍጣው አልተመለሰም። አባላቱ እንደ አዲስ አዋጥተው ዘግይተው አረሱ፤ የኔን ማሳም ዘሩት፣ በየተራ አረሙት። የምናርሰውን መሬት የሚያከራየን ሱዳናዊ ናፍጣው ለእርሻ መሆኑን በፊርማው እንዲመሰክር ስንት ጊዜ ቤቱ እንደተመላለሱ በኋላ ነው የሰማሁት። ስፈታ ሰሊጡ ታጭዶ፣ እንዲደርቅ ሂላ ሂላ ሆኖ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ በየማሳው ቆሟል።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ገብቶ ጠበቀኝ። ለሊቀመንበሩ ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ተብያለሁ። ቄሱም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይህንኑ ተናገሩ። ቆሜ አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ እንደ ልማዱ ተሳሰረ። እውነቱን የነገርኩት ለባለቤቴ ብቻ ነው። ከቅናት ነው የተናገርኩት አልኳት። እያበጠረች የነበረውን ማሽላ አስቀመጠች።

"በቅናትም ይሁን በፍቅር" አለች፣ "ሰውዬው ልጆቹ ጋ ገብቷል። ይበቃል።"

አሁንም እዚያው ነን። ዘንድሮም ጆንያውንና ዘሩን ዝናብ ሳይጥል ገዝተን አስገባን፤ ለናፍጣውም አስቀድመን የፈቃድ ወረቀት አወጣን። በቅርቡ ስብሰባ ነበር። አበልጄ ተነሥቶ ስለዚያ መጋዘን፣ ስለኔም ተናገረ። አሳምሮ ተናገረው። የራሴን ታሪክ ከኔ አስበልጦ ሲያወራው እያዳመጥኩ፣ ያ የማውቀው ነገር ደረቴ ላይ ቆነጠጠኝ። አልዳንኩም። ከእስር ቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ሆኖ አይወጣም።

ከዚያ ምርጫ ሆነ። ለሊቀመንበርነት የተጠቆመው እሱ ብቻ ነው። እጅ አውጡ ሲባል የኔ ከሁሉም ዘግይቶ ወጣ። ግን ወጣ።