ከመብራት መስመሩ ሥር የተነፈሰው ጉድጓድ

ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ አሶሳም ዋና ከተማነቷን አልለመደችውም። የማዕድን ቢሯችን ካርታ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ስላልነበረው ወለሉ ላይ ዘርግተን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ በካልሲ እየረገጥነው ነበር የምንሠራው። እኔ ጂኦሎጂ ተምሬ ከደብረ ማርቆስ የተመደብኩ፣ ከቢሮው ሰው ሁሉ በዕድሜ የማንስ ባለሙያ ነበርኩ።

አንድ የእብነ በረድ ድርጅት ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለን ኮረብታ ለማልማት ፈቃድ ነበረው። ፈቃዱ ሲሰጥ ቦታው ላይ ከቀርከሃና ከሣር በቀር ምንም አልነበረም። በኋላ ግን የመብራት መስመር ተቀየሰና የብረት ምሰሶዎቹ በኮረብታው ግርጌ ተተከሉ። ከሽቦው ሥርና ከግራ ከቀኙ ያለው መሬት ተከለለ፤ ቤት አይሠራበትም፣ አይቆፈርበትም። ድርጅቱ ደግሞ ነጩ ድንጋይ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ተከለለው ቦታ ነው ብሎ፣ ፈቃዱ እንዲሻሻልለትና እስከ መስመሩ ጥግ እንዲያወጣ ጠየቀ።

የቢሮው ኃላፊ ካርታው ላይ ቆሞ ብዙ አሰበ። «ከላይ ሆነን ስለ ታችኛው አንፈርድም» አለኝ። «የሙከራ ቁፋሮ ይደረግ። አንቺም እዚያው ሆነሽ እዪ።»

ቆፋሪው ከወሎ በሠፈራ መጥተው አሶሳ አጠገብ የቀሩ፣ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ማሽኑን በመስመሩ ጠርዝ ተክለው ጀመሩ። ማሽኑ ቆርጦ ከመሬት ውስጥ የሚያወጣው ድንጋይ እንደ ጧፍ ድቡልቡልና ቀጥ ያለ ነበር፤ ውኃ ሲያፈሱበት ወተት መሰለ። የድርጅቱ ተወካይ፣ ሱሪው ላይ አቧራ እንዳያርፍ የሚጠነቀቅ ሰው፣ ድንጋዩን በመሐረብ እየጠረገ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር።

ከመንደሩ አንድ የበርታ ሼህ በየቀኑ እየመጡ ቁፋሮውን ያዩ ነበር። አንድ ረፋድ ላይ ድንጋዩን አስያዝኳቸውና ድሮ፣ ሰው ሳይፈጠር፣ የባሕር ወለል እንደነበረ ነገርኳቸው።

«ባሕር? እዚህ?» አሉ። «ባሕር ፖርት ሱዳን ነው ያለው፣ ልጄ።»

«እዚህም ነበር፣ አባባ።»

ድንጋዩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ቀጣዩ ጉድጓድ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ነበር። ማሽኑ ድንጋዩን እየቆረጠ ሲወርድ ድንገት ዘንጉ ቁልቁል ከነፈ፤ ሞተሩ ጮኸ። ጋሼ ዘለው አጠፉት። «የሚይዘው ነገር አጣ» አሉ። ዘንጉን እያወላለቁ አወጡ። የመጨረሻው ሲወጣ ከጉድጓዱ አፍ ነፋስ ወጣ።

ቅጠል የማይነቃነቅበት፣ ሙቀቱ አናት የሚበሳ ቀን ነበር። በጉድጓዱ ዙሪያ ግን ሣሩ ወደ ውጭ ተኝቶ ይርገበገባል፤ አቧራው ይበተናል። እጄን ዘረጋሁ። ቀዝቃዛ፣ እርጥብ፣ የማያቋርጥ ትንፋሽ ነበር። ከታች ባዶ ሲኖር አየሩ እንደሚወጣና እንደሚገባ ተምሬያለሁ፤ ትምህርቱ ግን ከመገረም አላዳነኝም። ይህ አየር ከእኔ በፊት ማንን ነክቶ ያውቃል?

«ሱብሃነላህ!» አሉ ሼሁ። «እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ከብት ጠበቅኩ። አሁን ልጆቼ ይጠብቃሉ። ከታች ሌላ ቤት አለ? ማንም አልነገረን!»

ተወካዩ ሱሪውን ረስቶ ተንበረከከና ጠጠር ጣለ። ጎንበስ ብለን ጆሯችንን ሰጠን። ጠጠሩ አንድ ቦታ ነካ፤ ሌላ ቦታ ነካ፤ ከዚያ ዝም። አለቀ ስንል ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ የውኃ ድምፅ መጣ፤ ድምፁም ግድግዳ ለግድግዳ እየተቀባበለ ቆየ። ማንም ቀና አላለም። ሁለተኛ ጠጠር ጣለ። ሦስተኛ ሊያነሳ ሲል ቀና ብሎ ከላያችን የተወጠረውን ሽቦ አየ፤ ቀጥሎ አጠገባችን ያለውን ምሰሶ።

«እዚህ ድማሚት ብትተኩሱ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ «ድንጋዩም ምሰሶውም ሰውም አብሮ ነው የሚገባ።»

በቀጣዮቹ ቀናት ዋሻው የት እንደሚያበቃ ለማወቅ ከመስመሩ እየራቅን ቆፈርን። ጠንካራው አለት የተገኘው ከኮረብታው ጀርባ ነው፤ ቀለሙ ግን ግራጫ ነበር። ተወካዩ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ከተቀመጠ በኋላ ጠራኝ።

«ጥያቄያችንን እንለውጣለን። ወደ መስመሩ ሳይሆን ወደ ጀርባው።»

«የምትተዉት ነጩን ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ያንን ድምፅ ሰምቼ ግን ሠራተኛ እዚያ ላይ አላቆምም።»

ኃላፊያችን ስነግረው አላመነም። ራሱ መጣ፤ መዳፉን ጉድጓዱ ላይ አድርጎ ቆመ። ወደ አሶሳ ስንመለስ «ስንት ጊዜ በላዩ ነድቻለሁ!» አለ። በዚያው ሳምንት በካልሲያችን ቆመን አዲሱን ወሰን አሰመርን፦ ነጩ ወገን ከፈቃዱ ወጣ፣ ጀርባው ገባ፣ የመስመሩ ክልልም ሰፋ። የመብራት ሰዎቹም አንዱን ምሰሶ ነቅለው ወደ ጠንካራው አለት ወሰዱት። ግራጫው ድንጋይ ሲወለወል የክረምት ሰማይ የመሰለ መልክ አወጣ፤ ገዢ አላጣም።

ከብት እንዳይሰበርበት ጉድጓዱ በብረት እንዲከደን ተወሰነ። ጋሼ ክዳኑን ይዘው ሲመጡ ሼሁ ቀድመው ደርሰው፣ ተቀምጠው ነበር።

«አንድ ጊዜ» አሉና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ቦታውን ለእኔ ለቀቁልኝ። ተንበረከክሁ። ትንፋሹ ጉንጬን ነካው፤ በውስጡም የሚንጠባጠብ ውኃ ሰማሁ፤ ማንም ሳይሰማው ስንት ዘመን የተንጠባጠበ። ጋሼ ክዳኑን እንደያዙ ቆመው ጠበቁኝ፤ አላቻኮሉኝም።