ለሰባት ቀን የቋጠርኩት ስንቅ

የሚቆይ ምግብ ሁሉ ደረቅ ነው። ውኃ ያለበት ነገር በሦስተኛው ቀን ይሸታል፣ በአራተኛው ይሻግታል። ስለዚህ ከቤት ውጭ የምናድር ከሆነ መጀመሪያ የማስበው ምን እንደሚጣፍጥ ሳይሆን ምን እንደማይበላሽ ነው። ቀጥሎ የማስበው እሳት ባይገኝስ፣ ውኃ ባይገኝስ እያልኩ ነው። እሳትም ውኃም ሳይፈልግ የሚበላ ነገር ቆሎ ብቻ ነው።

ባለቤቴ በዚህ ይስቅብኛል። ገበያ ስወጣ እንኳ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እንደምሄድ ለጎረቤት ሁሉ ይናገራል። እውነቱን ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ተፈናቅለን ከሰቆጣ ስንወጣ ቤቴ ውስጥ የነበረው ቡሃቃ ሙሉ ሊጥ ነው። ሊጥ ተሸክሞ አይኬድም፤ ከድኜው ወጣሁ። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ላይ የበላችው ሰው የቸራትን ነበር። ከተመለስን ወዲህ ቤቴ በቆርቆሮ የተቀመጠ በሶ ጠፍቶበት አያውቅም። እንግዳ ቢመጣ፣ በዓል ቢሆን፣ ከዚያ ቆርቆሮ አይነካም። ሲያረጅ እኛው እንበላውና አዲስ እተካለሁ።

ልጄ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ይጥላታል። ቆማ ሳለች፣ እየበላች ሳለች፣ ድንገት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ኪኒን ሰጥታናለች፤ አንድ ቀን እንዳይቋረጥ፣ በባዶ ሆድም እንዳይዋጥ ብላ ሁለት ጊዜ ደግማ ነግራኛለች። ባትነግረኝም ልጄ አስተምራኛለች፤ ሳትበላ ከዋጠችው ኪኒኑን መልሳ ታወጣዋለች። አንድ ቀን ካለፋት ደግሞ በማግስቱ ትወድቃለች። እኔ ስለ ምግብ ስጨነቅ ስስት የሚመስላቸው አሉ። የምጨነቀው ስለ ኪኒኑ ነው።

አምና በጥር፣ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ሲዘጋ፣ አማቴ ልጅቷን ጠበል እናስገባት አሉ። አማቴ የፃግብጂ ሰው ናቸው። ከልጃቸው ጋር በኽምጣኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ። ያን ቀንም ለረጅም ጊዜ በኽምጣኛ ሲነጋገሩ ቆዩና ባለቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሱባኤ እንድትገቡ እናቴ ተስላለች አለኝ። ስንት ቀን ብዬ አልጠየቅሁም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን አጎቴ ቄስ ስለነበሩ ሱባኤ ማለት ሰባት እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የማውቀውን ነገር ምን ብዬ እጠይቃለሁ።

ስንቁን ለማዘጋጀት አሥር ቀን ፈጀብኝ። ገብስ ቆልቼ በሶ አስፈጨሁ። ቆሎውን ገብስና ሽምብራ ቀላቅዬ ቆላሁ። ዳቦ ቆሎ ሠራሁ። እንጀራ ቆራርሼ ሰሌን ላይ አሰጣሁና ድርቆሽ አደረግሁት። ጠበል ቦታ ቅቤ ስለማይገባ በሶውን የማሽበት ማር በትንሽ ጣሳ ያዝኩ። ከዚያ ሁሉንም ለየቀኑ ለየብቻ ቋጠርኩ፤ ለሰባት ቀን ሰባት ቋጠሮ፣ ባለቤቴ ዘግይቶ ቢመጣ ብዬ ሁለት መጠባበቂያ። ዘጠኝ። ጤዛ እንዳይነካው ድርቆሹን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቤ አሠርኩት። ሲያልቅ ቁጭ ብዬ አየሁት። ደክሞኝ ነበር፤ ቢሆንም በሕይወቴ እንደዚያ የተሟላ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ባለቤቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነው፤ ብዙ ፈቃድ አያገኝም። በሚኒባስ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በተከራየነው አህያ ሦስት ሰዓት ወደ ሸለቆው አውርዶ እኔን፣ ልጄንና አማቴን አደረሰን። ከመፈናቀል የተረፈን ሸራ አለን፤ እሱን በአራት እንጨት ወጥሮልን፣ ሱባኤው ሲያልቅ እመጣለሁ ብሎ ተመለሰ። እዚያ ስልክ አይሠራም። ገበያም የለም። ያለው ከዓለት ሥር የሚወርደው ጠበል፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ እንደ እኛ ሸራ የወጠረ ሰው ነው።

አጥማቂው ደግ ሰው ነበሩ። ስለ ኪኒኑ ፈራ ተባ እያልኩ ስነግራቸው፣ እሱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ ከጠበሉ በኋላ በልታ ትዋጥ አሉኝ። ያ ትልቁ ጭንቀቴ ነበር፣ ወረደልኝ።

ከእኛ ሸራ ቀጥሎ ያለችው ሴት ከአበርገሌ የመጣች ነበረች፤ ወገቧን የሚያማት፣ ትግርኛ እየቀላቀለች የምትናገር፣ ሳቅ የማይለያት። ይዛ የመጣችው ግማሽ ጆንያ የማሽላ ዱቄት፣ ጨውና ትንሽ የብረት ምጣድ ብቻ ነው። በየቀኑ ከጠበል መልስ ጭራሮ ለቅማ ቂጣ ትጋግራለች። እኔ በልቤ፣ ምን ያለችው ናት፣ እንጨት ባታገኝ ምን ልትበላ ነው እያልኩ አይባት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትኩስ ቂጣ በሳህን አመጣችልን። በላን። ሳህኑን አጥቤ መለስኩላት።

ባዶውን መለስኩላት። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ምንም ባይኖር እፍኝ ጨው ይደረግበታል። ይህን ማንም ልጅ ያውቃል። እኔ ግን ቋጠሮዎቼ የተቆጠሩ ናቸው፤ ከየትኛው ቀን ላይ አንስቼ ልስጣት። አማቴ ባዶውን ሳህን በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ ስንበላ የሸራውን ጫፍ እለቅቀው ነበር፣ ንፋስ ነው እያልኩ።

በሦስተኛው ቀን ድርቆሹን ስፈታ ሸተተኝ። ጤዛ ፈርቼ የደራረብኩበት ፌስታል አፍኖታል፤ ለካ በደንብ ሳይደርቅ ነው ያሠርኩት። የቀሩት የሰባቱም ቋጠሮ ድርቆሽ አረንጓዴ አውጥቷል። ወስጄ ገደል ውስጥ ደፋሁት። የቀረው በሶና ቆሎ ነው። ያኔ ነው ሌላውን ስህተቴን ያየሁት። አማቴ ጥርስ የላቸውም። ቤት ውስጥ ሽሮ ከእንጀራ አፍሰስ አድርጌ ስለምሰጣቸው ረስቼዋለሁ። አሥር ቀን ሙሉ ሳዘጋጅ አንዴም ትዝ አላለኝም። ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን አይተው፣ ይኼማ የወጣት ነው አሉና በሶውን ብቻ በሉ። እሳቸው እንዴት ይከለከላሉ። ለልጅቷ ያልኩት በሶ ለሁለት ሆነ። እኔ ቆሎ ቆረጠምኩ።

እንደምንም ሰባት ቀን ሞላ። በስምንተኛው ጧት ከጠበል ስንመለስ ብርድ ልብሱን አጣጥፌ፣ ጣሳውን አጥቤ፣ ደጅ ተቀምጬ ባለቤቴን መጠበቅ ጀመርኩ። ረፋድ ላይ አማቴ አዩኝና፣

«ምነው፣ ወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ሰባቱ ሞላ እኮ እናቴ። ዛሬ ይመጣል።»

«ሱባኤው መች አለቀና ይመጣል።»

«ሱባኤ ሰባት ነው።»

አማቴ ሰው ሲሳሳት አይስቁም፤ ራሳቸውን ያዘነብላሉ። «እኛ ዘንድ ሱባኤ የሚባለው ፍልሰታ ነው። ፍልሰታን ስንት ቀን ትጾሚያለሽ ልጄ?»

ሁለት ሳምንት ያህል።  ባለቤቴም የእሳቸው ልጅ ነው፤ ሱባኤ ሲለኝ ሁለት ሳምንት ማለቱ ነው። ሰባት ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ያውም ተማርኩ ብዬ።

ልጄን ይዤ ልውጣ አልኩ በልቤ። ግን መንገዱ ገደል ለገደል ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ይዣት ስሄድ አፋፉ ላይ ብትወድቅስ። ስለታቸውን ሳይጨርሱ አማቴ አይንቀሳቀሱም። ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ሰው ፈልጌ መልእክት ልላክ ብል፣ በዚያ ሰሞን የሚመለሱት ሁሉ ወደየገጠራቸው ናቸው። ብርድ ልብሱን መልሼ ዘረጋሁ።

ሁለቱን መጠባበቂያ ቋጠሮ ፈትቼ በሶውን በማንኪያ ለካሁ። ለልጅቷ ጧት ጧት አራት ማንኪያ፣ ለአማቴ ሁለት። ለሰባት ቀን አይበቃም፤ ሦስት ማንኪያና አንድ አደረግሁት። አሁንም አይበቃም። አማቴ አልራበኝም ማለት ጀመሩ። እንዳልራባቸው አላምንም ነበር፤ ግን እሺ እላቸው ነበር። ያን እሺ ማለቴን እስከ ዛሬ አልወደውም። ማታ ስተኛ ጭንቅላቴ ውስጥ ማንኪያ እቆጥራለሁ፤ ስነሣ ሳልተኛ ያደርኩ ይመስለኛል።

በአሥረኛው ቀን በሶው አለቀ። በአሥራ አንደኛው ጧት ለልጄ ቆሎ በድንጋይ ወቅጬ በጠበል ውኃ አላቁጬ ሰጠኋት። እሷ ጠያቂ ልጅ አይደለችም፤ ዝም ብላ ጥቂት ቀመሰች። ኪኒኑን ዋጠች። ጥቂት ቆይታ ከሸራው ውጭ ወጥታ ስታስመልስ ሰማኋት። ተከትዬ ወጣሁ። ኪኒኑ ነጭ እንደሆነ አፈሩ ላይ ነበር።

«እማ፣ አንሥቼ ልዋጠው?» አለችኝ።

ተዪው አልኳት። ከዚያ የራሳችንን ሳህን አነሣሁ። ከእኛ ሸራ እስከ ጎረቤቴ ሸራ ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው፤ ግን ቆሜ ተመልሼ እንደገና ሄድኩ። ምጣዷን ጥዳ ሊጥ እያሸች ነበር። ባዶ ሳህን ይዤ ስታየኝ ሳቀች።

«ሓፍተይ፣ ዛሬ ንፋሱ ቆመ እንዴ? ሸራው ተከፍቷል።»

እኅቴ ማለቷ ነው።  ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የሱባኤውን፣ የድርቆሹን፣ የአማቴን ጥርስ፣ የኪኒኑን። የልጄን ሕመም ስም ጠርቼ ለባዳ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ሰማችኝ። ሱባኤው ላይ ስደርስ እንደገና ሳቀች፤ ልጅቷ ያወጣችው ኪኒን ላይ ስደርስ ተወችው።

«ታዲያ ለልጅ ነው እንዲህ የምትለምኚኝ?» አለችኝ። «ለልጅ አይለመንም፤ ይታዘዛል። በይ እንጨት ጨምሪ።»

እንጨት ጨመርኩ፤ ልጄንና አማቴንም ጠራኋቸው። የመጀመሪያውን ቂጣ ለልጄ፣ ሁለተኛውን ለአማቴ አደረገችው፤ የአማቴን ውስጡን ብቻ ፈልፍላ፣ ለስላሳውን። ልጄ እዚያው ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ በላች። አብዝታ በላች፤ ያን ያህል እንደራባት አላውቅም ነበር። ከዚያ ሌላ ኪኒን ሰጠኋት። ሦስታችንም ሴቶች ሥራ ያለን መስለን ጉሮሮዋን እያየን ተቀመጥን። አልወጣም።

የቀረኝን ቆሎ በሙሉ ወስጄ ፊቷ አስቀመጥኩት። እንቢ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ እፍኝ ዘግና አፏ ውስጥ ጨመረችና፣ «ይኼስ ይሁን። እኔ ጥርስ አለኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው አንድ ላይ በላን። ጭራሮ የምለቅመው እኔ ነኝ፣ ውኃ የምትቀዳው ልጄ ናት፣ የምትጋግረው እሷ ናት፣ የምታወራውም እሷ ናት። እሷ ዱቄቷን አንድ ቀንም ስትቆጥር አላየሁም። ያቺ ጆንያ እኔ ካዘጋጀሁት ሁሉ ይልቅ የምትቆይ ነበረች። ዱቄት አይሻግትም፣ ጥርስ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በየቀኑ ጎንበስ ብሎ እንጨት መልቀምን ነው። እኔ አሥር ቀን የለፋሁት ያን ላለማድረግ ነበር፤ እዚያ ደርሼ እሳት ማንን እለምናለሁ ብዬ።

አማቴ አልራበኝም ማለት አቆሙ። ሱባኤው ሰባት ነው ማለቴን ለጎረቤቴ ሲነግሯት አንድ ቀን ሁለቱ በኽምጣኛና በትግርኛ መሐል የሆነ ነገር ተባብለው ተሳሳቁ። እኔም ገባኝ፤ አልከፋኝም። ለመከፋትም አቅም ያስፈልጋል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ልጄ ለመጨረሻ ጊዜ ተጠመቀች። ከመጣን ጀምሮ አንድም ቀን አልጣላትም ነበር። ጠበሉ ይሁን ኪኒኑ እኔ አልከራከርም፤ ሁለቱንም አላስታጎልኩባትም፤ የእኔ ድርሻ ያ ነው። ቂጣዋን በላች። ኪኒኗን ዋጠች። አፍሽን ክፈቺ አልኳት፤ ከፈተች፣ ከምላሷ ሥር አየሁ፣ የለም።  እስኪ ጋደም ልበል ብዬ ሸራው ውስጥ ብርድ ልብሱ ላይ ዘፍ አልኩ።

ባለቤቴ ረፋድ ላይ አህያ ይዞ ደርሷል። ሊቀሰቅሰኝ ሲል እናቱ ከልክለውታል። ዕቃውን በዙሪያዬ ሰብስበው፣ አህያውን ጭነው፣ ከጎረቤታችን ጋር ተሰነባብተው፣ እንጨቶቹንም አንድ በአንድ ነቅለዋል። እኔ የነቃሁት ሸራው ከላዬ ተነሥቶ ፀሐዩ ፊቴ ላይ ሲወድቅ ነው።