መብራት ሲሄድ የጠፋው ፋይል

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሰባተኛ ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ የሐጂ ሱሩር ጨርቅ ሱቅ የነበረበት ቤት ፈረሰ። ስደርስ ጣሪያው ወርዶ፣ ሠራተኞቹ ቆርቆሮውን ይደረድሩ ነበር። ዓይኔ የፈለገው ከሱቁ በላይ የነበረችውን የእንጨት ቆጥ ነው። እሷም የለችም።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ የምንፈልግ ሁለት ጓደኛሞች ነበርን፤ እኔና የሐጂ ልጅ ሙኒር። ኢንተርኔት በደቂቃ የሚከፈልበት ዘመን ነው። ቆጧ ላይ ከአሮጌ ማሽኖች የገጣጠምነው አንድ ኮምፒውተር ነበረን። ክረምት ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ለመነጋገር መጮህ ነበረብን። ምሳ ከሙኒር ቤት ቆጮ በጎመን ይመጣል። የእኔ መዋጮ ከአውቶቡስ ተራ የምገዛው ሳምቡሳ ነው፤ ጭቃውን አቋርጬ እስክመለስ ይቀዘቅዛል።

ማንም በነፃ ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፤ ልቡ ከርነል ይባላል። እኛ የያዝነው ከከርነሉ ውስጥ ፋይሎች ዲስክ ላይ የት እንደሚቀመጡ የሚወስነውን ክፍል ነበር። ኮዱ ይሠራል፤ ግን ተዝረክርኳል። ሥራው ሳይለወጥ ውስጡን እንደገና ማደራጀት ነበር ሐሳባችን።

«ሱቁን ሳትዘጉ መደርደሪያ ልትቀይሩ? ደንበኛውም ሳያውቅ?» አሉ ሐጂ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ማን ያመሰግናችኋል?»

እኔ ማን እንደሚያመሰግነኝ አውቅ ነበር። ኮዱን የሚቆጣጠረው ሰው ባሕር ማዶ ነው። ሥራችንን በኢሜይል እንልክለታለን፤ ከተቀበለው ስማችን ከኮዱ ጋር ይቀመጣል። ያንን በጣም እፈልገው ነበር። ከክፍላችን ጎበዙ እኔ ነበርኩ፤ ሙኒርን ለፈተና የማስጠናው እኔ ነኝ።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንደ አዲስ ጽፌ ላክሁ። መልሱ አጭር ነበር፤ በጣም ትልቅ ነው፣ ከፋፍለህ ላከው። ተናደድኩና ተውኩት። ሙኒር ግን አንዲት ቁራጭ ለይቶ ያወጣል፣ ይሞክራል፣ ይልካል። እንደገና አንዲት ቁራጭ። ሰውየው ተቀበለው፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ቀሪውን እጠብቃለሁ ብሎም ጻፈለት። ሐጂ ለጨርቅ ተራው ነጋዴ ሁሉ አወሩ።

«አንተስ ዳዊቴ፣ ያንተ ፈረንጅ ዝም አለ?» አሉኝ ሻይ እያቀበሉኝ። ሻዩ ቅርንፉድ በዝቶበት ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙኒርን ኮድ ማንበብ ያዝኩ። ለመማር አልነበረም፤ ስህተት ፍለጋ ነው። ሳቁ ይከነክነኝ ጀመር። ኪቦርዱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ እንኳ ያበሽቀኝ ነበር። በኋላ በጋዜጠኝነት ዘመኔ ብዙ ሰነድ አገላብጫለሁ፤ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያነበብኩት ጥቂት ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሙኒር ለሶላት ወርዶ፣ እኔ አዲሱን ሥራውን ስሞክር መብራት ሄደ። ተራው በፉጨት ቀለጠ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑን አስነሳሁ። ስሙን እየቀየርኩት የነበረው ፋይል የለም።

ምክንያቱን ኮዱ ውስጥ አገኘሁት። ድሮ አዲሱ ስም መጀመሪያ ይጻፋል፣ አሮጌው ከዚያ በኋላ ይጠፋል። ሙኒር ሲያደራጅ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ፋይሉ የለም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ሶኬቱን እየነቀልኩ ደጋግሜ ሞከርኩ። አንዳንዴ ይተርፋል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ሙኒር ሲመጣ ሐጂ ባሉበት ነገርኩት። «ይሄ ጥሩ ሥራህ ፋይል ይበላል።»

ያፍራል ብዬ ነበር። ኮዱን መስመር በመስመር አነበበና «ወላሂ ልክ ነህ!» ብሎ አንገቴን አቀፈኝ። «አንተ ባታየው ጉዴ ፈልቶ ነበር። ፈረንጁ አገር መብራት አይሄድ፣ ማን ያገኘዋል?»

«መብራት መጥፋቱም ለአንድ ነገር ጠቀመ በሉኛ!» አሉ ሐጂ።

ማስተካከያውን ጽፎ እንደጨረሰ ሙኒር ወደ እኔ ዞረ። «ስህተቱን ያገኘው ዳዊት ነው ብዬ ስምህን ላስገባ። ከስሜ ሥር ይጻፋል።»

«ከስምህ ሥር?»

«ወጉ እንደዚያ ነው እኮ።»

«ተወው። እንዲሁ ላከው።»

«የምርህን ነው?»

«ላከው አልኩህ!»

ማስተካከያውን የያዘውን ዲስኬት በፕላስቲክ ጠቅልሎ በዝናብ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄደ። እኔ የቀረውን ሳምቡሳ ብቻዬን በላሁ።

ሙኒር ከዚያ ሥራ አልወጣም፤ ዛሬም ኮድ ይጽፋል። እኔ በዓመቱ ጋዜጣ ገባሁ፤ የሰው ስህተት መፈለግ እንጀራ ሆነኝ። ቅናቱ ለቆኛል ብዬ እንዳልጽፍ ማረጋገጫ የለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ገብቼ ኮዱን ከኢንተርኔት ላይ ፈለግሁት። የፋይል ስም የሚቀይረው ክፍል አሁንም አለ፤ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ሙኒር ከማስተካከያው ጋር የላከውን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። የሙኒር ስም አለ። ከሥሩ ሌላ ስም የለም።