የጋሽ ሀብተአብ ስካነርና የሚጮኸው ተራ አስከባሪ

ከአዳማ የወጣሁ ማታ አባቴ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ ወደ ቦሌ የሚወስደኝ መኪና ክላክሱን ያስጮኻል፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤቱ በየተራ ይስመኛል፤ እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጣቢያ ይፈልጋል። «አባዬ፣ ልሄድ ነው» ብዬ ጉልበቱን ስሜ ቀና ስል የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው። ስለ ማዳበሪያ ስርጭት ነበር የሚያወራው። አውሮፕላን ውስጥ ሁሉ የተናደድኩት በዚያ ማዳበሪያ ነው። ከዚያ ወዲህም ስደውል እናቴ ስልኩን ስትሰጠው «ደህና ነኝ በያት» ብሎ ይመልስላታል።

መጀመሪያ ኦክላንድ፣ የአክስቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ነው የተኛሁት። እናንተ ካሊፎርኒያ ሲባል ፀሐይ ብቻ ይመስላችኋል። ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚመጣው ብርድ ለአዳማ ልጅ ቅጣት ነው። ስለዚህ ሳን ሆዜ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ሳገኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት «ይሞቃል ወይ?» ብዬ ነበር። ይሞቃል አሉኝ፤ ሄድኩ።

የሚከራይ ክፍል ያገኘሁት ጋሽ ሀብተአብ ዘንድ ነው። አስመራ ተወልደው፣ በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ እዚህ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። በሩ ላይ አቁመው መረመሩኝ።

«ፔይስታብ አለሽ? የደሞዝ ወረቀት?»

«አለኝ።»

«ክሬዲትስ? የብድር ታሪክ?»

«ገና ነኝ ጋሼ።»

«እኔም ስመጣ አልነበረኝም። ያኔ ግን የሚጠይቅ አልነበረም፤ አሁን ተራዬ ስለደረሰ እጠይቃለሁ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ሽንኩርት ስታቁላዪ መስኮት ክፈቺ። ጭስ ጠቋሚው፣ ስሞክ ዲቴክተሩ፣ ከጮኸ እሳት አደጋ ይመጣል።»

«ቢመጣስ?» አልኳቸው። ቁልፉን አስጨበጡኝ።

ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ስካነር ነበራቸው። የእሳት አደጋ ሰዎች በሬዲዮ የሚነጋገሩትን የሚያሰማ፣ የሚሰማ እንጂ የማይናገር መሣሪያ ነው። ሲበሉም ሲያነቡም አይዘጉትም። እኔማ ሬዲዮ የሚወድ ሽማግሌ ከአገሬ ተከትሎኝ መጣ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ማንኪያቸውን በአየር ላይ አንጠልጥለው ቀሩ። ከሬዲዮው አንድ ወጣት ድምፅ «ኮፒ» አለ፤ ገባኝ፣ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው።

«ዮናስ ነው» አሉኝ። «ልጄ። ኢንጂነር ይሆናል ስል ፋየርፋይተር ሆነ። እሳት ለማጥፋት ነው ያስተማርኩህ? አልኩት። አማርኛ ይሰማል፣ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን እንግሊዝኛውንም ጨርሶ ሄደ።»

ይኸው ነው። ልጃቸው እዚሁ ከተማ ውስጥ እያለ ድምፁን የሚያገኙት ከዚያ ሳጥን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤት ስገባ እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ስካነሩ ዝም አለ። ጋሼ ባትሪ ቀየሩ፣ አንቴናውን ጠመዘዙ፣ በመጨረሻም የተሸጠበት ሱቅ ደውለው ስፒከር ላይ አደረጉት። ሰውየው «ሲስተሙ ትራንክድ ሆኗል ሰር» አላቸው። ትራንክ ደግሞ እዚህ አገር የመኪና ፖርታ ባጋልዮ ነው። ጋሼ ስልኩን ይዘው ወጡ፣ መኪናቸውን ከፈቱ፣ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ከጎማ በቀር ምንም የለም» አሉት በጥሩ እንግሊዝኛ።

«የእርስዎ ትራንክ አይደለም ሰር።»

«ታዲያ የማን?»

ሰውየው ትዕግሥተኛ ነበር። እሳት አደጋው ወደ አዲስ ዲጂታል አሠራር ስለተዛወረ አሮጌው ስካነር ከእንግዲህ እንደማይሠራ አስረዳን። ማውንቴን ቪው ሄደን ያገለገለ ዲጂታል ስካነር ገዛን። ሻጩ የፖሊሶቹ ንግግር እንደተቆለፈና ማንም እንደማይሰማው፣ የእሳት አደጋው ግን ክፍት እንደሆነ ነገረን። ፕሮግራም ማድረጉ ቀላል ነው ብሎ ሸኘን። ውሸቱን ነው።

እንደ አሮጌው ስካነር ከኢንተርኔት ያገኘኋቸውን የእሳት አደጋ ፍሪኩዌንሲዎች አንድ በአንድ አስገባሁ። አንዱ ላይ የሰው ድምፅ ይጀምርና ይቋረጣል፣ ሌላው ላይ ደግሞ ቀፎው እንደተነካ ንብ ያለማቋረጥ ይጮኻል።

«ሸውዶናል» አሉ ጋሼ። «ተዪው፣ ይብቃሽ።»

እኔ የያዝኩትን አልለቅም። እናቴ መዥገር የምትለኝ ለዚህ ነው። ከሥራ ስመለስ፣ ቅዳሜ ልብስ እያጠብኩ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መመሪያውን ሳነብ ሰነበትኩ። ኮንትሮል ቻነል፣ ቶክግሩፕ ይላል። ቃላቱን አነባቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን አልገባኝ አለ። አንድ ጠዋት ቁጭ ብዬ ያንን ጩኸት ስሰማው የአዳማ ታክሲ ተራ ትዝ አለኝ።

እስቲ አስቡት። ተራው ላይ ሚኒባሱ ለየትኛውም ሰፈር ቋሚ አይደለም። ሰልፉ ነው የየሰፈሩ። ተራ አስከባሪው ሲጮኽ ይውላል፤ ባዶ የሆነውን መኪና ያቀርብና «የዚህ ሰፈር ሰልፍ፣ በዚህ ግቡ» ይላል። አዲሱ ሲስተምም ይኸው ነው። ድሮ እሳት አደጋው የራሱ መኪና ነበረው፤ አሁን ሁሉም በጋራ ይሳፈራል። ሚኒባሱ ፍሪኩዌንሲው፣ ቶክግሩፕ ሰልፉ ነው። እኛ አንድ ሚኒባስ ላይ አፍጥጠን ስንጠብቅ ሰዎቹ በሌላው ይሄዳሉ። ያ የተበላሸ ያልነው ጩኸት ደግሞ ራሱ ተራ አስከባሪው፣ ኮንትሮል ቻነሉ ነው።

«ጋሼ፣ የሚጮኸው እኮ ነው አለቃው!»

ያስገባሁትን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። የሲስተሙን ዓይነት መረጥኩ፣ የሚጮኸውን ፍሪኩዌንሲ ኮንትሮል ቻነል አድርጌ አስገባሁት፣ ከዚያ የእሳት አደጋውን ቶክግሩፕ ቁጥሮች ጻፍኩ። ጩኸቱ ጠፋ። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጥሪ የምታስተላልፍ አንዲት ሴት አድራሻ ተናገረች። አንድ የእሳት አደጋ መኪና መለሰ፣ ሌላም መለሰ። ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣን፣ ሁለተኛም አፈላሁ። ከዚያ ያ ወጣት ድምፅ መጣ፤

«ኮፒ።»

«ኮፒ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሼ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብለው።

«አይሰማዎትም እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ የለፋሁት? ብዬ ተናደድኩ።

«ይደውሉለታ።»

«ሥራ ላይ ነው።»

«ሲወጣስ?»

«ይተኛል።»

«እንግዲያው ሽንኩርቱን ላሳርረውና እሱ ይምጣ?»

አዩኝ፣ አዩኝና «መስኮቱን ዝጊና ሞክሪ» አሉ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ አልቆም ብሏቸው ዓይናቸውን በመሐረብ እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። እስከ ዛሬ ግን አልደወሉም። ስልኩን ያነሱታል፣ ያዩታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል።

እኔ ያኔውኑ ክፍሌ ገብቼ አዳማ ደወልኩ። እዚህ ረፋድ፣ እዚያ የማታ ዜና ሰዓት ነው። እናቴ አነሳችው።

«አባዬስ?»

«ሬዲዮ ላይ ነዋ፤ ታውቂው የለ።»

«ስልኩን ሬዲዮው አጠገብ አስቀምጪልኝ።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ዝም ብለሽ አስቀምጪው፣ እማዬ።»

አስቀመጠችው። ዜና አንባቢው ስለ መንገድ ጥገና ያወራል። የአባቴን ሳል ሰማሁ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ያ እግሩን ካላስጠገንኩት ስለው የኖርኩት ወንበር ነው። እኔም እንደ ስካነሩ ዝም ብዬ ሰማሁ፤ እንባዬ ይወርዳል፣ አልናገርም። መንገዱ አልቆ ስፖርት ሲጀምር የሬዲዮው ድምፅ ቀስ እያለ ዝቅ አለ።

«አለሽ?» አለ አባቴ።

«አለሁ፣ አባዬ።»

ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አላደረገውም።